ድውያን ግሦች

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

«ጤነኛው ግሥ አለቀ» አሉኝ ዛሬ መሪጌታ ገብረ ሕይወት። «ከእንግዲህ ድውያኑ ናቸው።»

ድውይ የሚሉት ፊደሉ የሚዋጥበትን፣ የሚወድቅበትን፣ መልኩን የሚለውጠውን የዕብራይስጥ ግሥ ነው። ጀማሪ እዚህ ሲደርስ ይሸሻል። እኔ አልሸሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ ተጨፍልቄ የተመላለስኩት ለዚህ ነው። ዕድሜያቸውን ኢየሩሳሌም ገዳም ያሳለፉ፣ ቋንቋውን ከመጽሐፍም ከሰው አፍም የለቀሙ ሰው በዚህ አገር ሌላ አላውቅም። የእርሳቸውም ተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነበርኩ። ዛሬ ስደርስ ደጃቸው ላይ ነጭ ስኒከር ተቀምጧል። ባለቤቷ ሄቨን ትባላለች። የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ እኛው ከተማ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ተቀጥራ መጥታ ነው። የመጀመሪያውን የዕብራይስጥ መጽሐፍ ብቻዋን በስልኳ ጨርሳዋለች አሉ። በስልክ! ግዕዝ ታውቂያለሽ ወይ ስላት «ከቅዳሴው ውጪ ኖ፣ ቲቸር» አለችኝ።

ቲቸር።

መሪጌታ ሳቁ። «አቻምየለሽ፣ ስምሽን አፈረሰችው እኮ። ይኸው አቻ መጣልሽ።»

ለእርሳቸው ቀልድ ነው።

ሰኔ 11

የፈተና እርማት። ጊዜ የለኝም። ባጃጅ ውስጥ ግሥ ሳወርድ ሹፌሩ «ጸሎት ነው፣ እትዬ?» አለኝ። እርግማን ነው አልኩት።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

በን የሚጀምሩ ግሦች። ነፈል፤ ወደቀ ማለት ነው። «ይወድቃል» ሲል ግን ን ራሷ ትወድቅና ይፖል ይሆናል፤ ፖ ይጠብቃል። «የወደቀው አልጠፋም፤ ጎረቤቱ ተሸክሞታል» አሉ መሪጌታ። ጥሩ አባባል ነው። የተናገሩት ግን ወደ እሷ ዞረው ነው።

እሷ ሠንጠረዡን በዜማ አወረደችው። እንደ ሠርግ ዘፈን! እኔ እያንዳንዱን ከግዕዙ ጋር አዛምጄ፣ ይኼ ከዚህ ቤት ነው፣ ያ ከዚያ ይወለዳል እያልኩ ሳስረዳ መሪጌታ እጃቸውን አነሱ። «እሱ የግዕዝ ነው። አሁን ዕብራይስጥ ተናገሪ።»

ስንመለስ ማንኩሳ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ዶፍ ዝናብ። ልጅቱ ጃንጥላዋን እኔ ላይ ዘርግታ እሷ እስክትበሰብስ ቆመች። ለታይታ። ሰው ሁሉ እያያት ነበር።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

የመሪጌታ ዓይን እየደከመ ነው። ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው፣ ከዚያም አርቀው፣ በመጨረሻ «አንብቡልኝ» ይላሉ። ዛሬ ካነበብን በኋላ ነገሩን አወጡት። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኮሌጅ ዕብራይስጥ አስተማሪ ሊያዘጋጅ ይፈልጋል፤ እዚያው ተምሮ እዚያው የሚያስተምር ሰው ይላኩልን ብሏቸዋል።

«አንድ ሰው ነው የሚፈልጉት። ነሐሴ ሳያልቅ እወስናለሁ።»

አንድ።

ልጅቱ ገና ወጣት ናት፤ የትም ብትሄድ መንገድ አላት። እኔን የሚጠብቀኝ ዘጠነኛ ክፍል ነው። አንቀጽ ጻፉ ስላቸው «ስንት መስመር?» የሚሉኝ ልጆች።

ለተስፋው ነገርኩት። ባሌ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ከማዳበሪያ ሌላ የሚያስጨንቀው ያለ አይመስለኝም ነበር። «አንቺ ብትሄጂ እኔስ?» ይላል ብዬ ስጠብቅ «ያቺ ልጅስ ምን አለች?» አለኝ።

ምን አገባው?

ሰኔ 30

መምህራን ማረፊያ። የሒሳቡ መምህር አሸናፊ ደብተሬን አየና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፦ «ዕብራይስጥ ለደረጃ ዕድገት ይያዛል እንዴ?» ሳቁ። ሁለት ጥሩ ጥሩ መልስ የመጣልኝ ቤቴ ስደርስ ነው።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

እንዳልረሳው ልጻፈው። አልረሳውም እንጂ።

መሪጌታ ቤት ስንደርስ ከአዲስ አበባው ኮሌጅ የመጡ እንግዳ ተቀምጠዋል። ለሌላ ጉዳይ ቡሬ መጥተው «ተማሪዎችዎን ላያቸው» ብለው ነው አሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። መሪጌታ ኩራት ኩራት አላቸውና «አቻምየለሽ ታንብብ» አሉ። እኔን አስቀደሙኝ! ይህን መቼም አልክድም።

ያገኘሁት ኃይለ ቃል አንድ ንጉሥ መንገደኛውን ሕዝብ በአገሩ አላሳልፍም ያለበት ነው። ንባቡን እንደ ውሃ አወረድኩት። እንግዳው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር። ከዚያ «ተርጉሚው» አሉኝ። «ሎ አቫ» ይላል። ሎ ማለት «አይደለም» ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። አቫን ሳየው የግዕዙ አበየ ፊቴ ድቅን አለ። አበየ፣ እምቢ አለ። አባቴ ያስተማረኝ ግሥ ነው፤ በእንቅልፌም አልስተውም። ስለዚህ «ንጉሡ እምቢ አላለም፤ አሳለፋቸው» አልኩ።

እንግዳው ራሳቸውን መነቅነቅ አቆሙ።

ሄቨን ጎንበስ ብላ፣ በጆሮዬ ልትነግረኝ ፈልጋ ነው መሰል፣ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ተገላቢጦሽ ነው» አለች። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁሉም ሰማ። እንግዳው «እስኪ ቀጥይ» አሏት። ቀጠለች። በዕብራይስጥ ሥሩ ፈቀደ ማለት ነው፤ ስለዚህ «አልፈቀደም» ነው አለች። አንድ ሥር ነው፤ በግዕዝ እምቢ አለ፣ በዕብራይስጥ እሺ አለ። ግዕዝ ያላወቀች ልጅ አልተሳሳተችም፤ የሚያሳስታት ነገር የላትማ!

እንግዳው ቢሳለቁብኝ እንኳ ጥሩ ነበር። «ብዙ የሚያውቅ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው» አሉኝ። አዘኑልኝ።

በሚኒባሱ ውስጥ ልጅቱ «ሶሪ ቲቸር፣ ቀስ ብዬ ልነግርሽ ነበር እኮ» አለች። እስከ ማንኩሳ በመስኮት ሳይ ቆየሁ። ቆሎ ዘረጋችልኝ። አልበላም አልኩ። ጾም ነው አልኳት። እሷ ጾሙ ዛሬ ተፈቷል፣ ቆሎም በጾም ይበላል ብላ ልትመልስልኝ ትችል ነበር። አላለችም። ይህም አንድ ዓይነት ንቀት ነው።

ሐምሌ 8

ሎ አቫ። ሎ አቫ። ሎ አቫ። ጎመን ስከትፍ። ሰው ሰላም ሲለኝ።

አባቴ ግሥ ያስተማረኝ ወንድሜ አልማርም ስላለው ነው። የተተወ ወንበር ነው የሞላሁት። ይህ የዕብራይስጡ ግን የእኔ ወንበር ነው፤ ማንም አልሰጠኝም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

መንገድ ተዘግቷል፤ ወደ ቡሬ መኪና የለም። ዳታም ከጠፋ ሰነበተ። የልጅቱ ስልክ ድንጋይ ሆነ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣች። «ቲቸር፣ ለምን አብረን አናጠናም? አንቺ ግዕዙን ንገሪኝ፣ እኔ ሠንጠረዡን አስይዝሻለሁ።» አስይዝሻለሁ! ሥራ አለኝ አልኳት። ተስፋው ተነስቶ ወንበር ሰጣት፤ ስለ ባሕር ዳር ሲያወሩ ቆዩ። እኔ ጓዳ ገብቼ ምንም አልሠራሁም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

የማርያም ማኅበር እትዬ ደጊቱ ቤት ነበር። ልጅቱ የምትኖረው እሳቸው ግቢ፣ በተከራየችው አንድ ክፍል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሄደው ወዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ለማኅበሩ ሴቶች፣ የአይሁድ ቋንቋ ብለው እንዳይደነግጡ፣ የግዕዝ ነገር ነው ብዬ ነው ሁልጊዜ የማልፈው፤ ዛሬም እንዲሁ አልኩ። «ያቺ ልጅስ?» አሉ እትዬ ደጊቱ። «በጆሮዋ ሽቦ ሰክታ የማይሰማ ነገር ስታጉረመርም ታድራለች። የምን ቋንቋ ነው?»

እኔም እንዲህ አልኩ፤ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ «ልጅቱስ ጎበዝ ናት፤ ወንዙም ወንዝ ነው፤ ምንጩ ግን ከእኛ ተራራ አይደለም። በስልክ የሚያስተምሯት የእኛ ሰዎች አይደሉም።»

አንዲት ሴት አማተበች። ሌላዋ «ጴንጤ ናት በይን!» አለች። እኔ አላልኩም። ኧረ እኔ አላልኩም አልኳቸው እንኳ።

ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ውሸት የለም። የስልኩን ትምህርት ያዘጋጁት ፈረንጆች ናቸው። ፈረንጅ ደግሞ የእኛ ሰው አይደለም። ሰው የሰማውን እንጂ እኔ ያልኩትን ካልያዘ ምን ላድርግ?

ሐምሌ 25

ገበያ ላይ ሽንኩርት ሻጯ፦ «የመድኃኒት ቤቷ ልጅ እኮ ማተቧን በጥሳለች አሉ።» ማተቧን ቤቴ የመጣች ቅዳሜ አይቼዋለሁ፤ ጥቁር ክር ነው፣ አንገቷ ላይ አለ።

ሽንኩርቱን ገዛሁ።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ማምሻውን ሄቨን በጋሪ ሻንጣ ጭና ደጃፌ ቆመች። እትዬ ደጊቱ ቤቱን ልቀቂ ብለዋታል። ሌላ ቤት ስትጠይቅም በር ይዘጉባታል። «ቲቸር፣ እስከ ሰኞ ብቻ። ሳሎን ወለል ላይ ቢሆንም።»

የተስፋው ወንድም ይመጣል አልኩ። ይመጣል ደግሞ፤ ለአዲስ ዓመት እመጣለሁ ብሏል።

«እሺ፣ ችግር የለም» ብላ ፈገግ አለች። ፈገግታዋን ያየ ሰው ምንም እንዳልደረሰባት ነው የሚያስበው። ባለጋሪው ፈረሱን ሲያዞር ጭቃው ቀሚሴን ነካው።

ተስፋው ከቤት ወጥቶ ነበርና አላየም። የነገረው ባለጋሪው ነው። እራት አልበላም። «ወንድሜ መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ። ልብሱን ለማጠብ ተነሣሁ። ንጹሕ ልብስ ነው ያጠብኩት።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ የሰበካው አባላት ልጅቱን አዳራሽ አስጠሯት። እኔንም «ፊደል የምታውቂ ስለሆንሽ ተቀመጪ» አሉኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ግዕዝ ስለማስተምር ነው። እምቢ ብል ለምን ይሉኝ ነበር። ተቀመጥኩ። እትዬ ደጊቱም ነበሩ፤ የማኅበሩ ሴቶችም ከግድግዳው ሥር።

ሄቨን ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ጠያቂው አሮጌ ሰው ናቸው፤ ክፉ አይደሉም።

«ልጄ፣ የአይሁድ ቋንቋ ትማሪያለሽ አሉ። እውነት ነው?»

«አዎ አባቴ። መጻሕፍቱ የተጻፉበት ነው።»

«ማን ነው የሚያስተምርሽ?»

መሪጌታን ብትጠራ እሳቸው ጉድ ይሆናሉ። እኔን ብትጠራ የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ወደ እኔ ይዞራሉ፤ «የግዕዝ ነገር ነው» ያልኳቸው ሴቶች። ተቀምጬ የምፈርድባት እኔ፣ ከእሷ ጎን ለጎን አንድ ገጽ የማነብ ሰው!

ዓይኗ በላዬ አለፈ።

«ማንም የለም» አለች። «በስልኬ ነው የተማርኩት።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

አዳራሹ አጉረመረመ። የሚሏትን ሁሉ በራሷ አፍ አጸደቀችው። ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሁሉ ትታገድ ተባለ፤ ለንስሐ አባቷ ትመለስ ተባለ። ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። የምጨምረው የለም አልኩ።

ማን ለምኗት? ማን ሸፍኚኝ አላት? ማን እንደተናገረባት ታውቃለች፤ አውቃ ነው ስሜን ያልጠራችው። ዕድሜ ልኬን እንድቃጠል ነው። ከዚህ የከፋ በቀል አላየሁም። እንዲህ ያለ ንቀት አላየሁም!

ነሐሴ 14

ሥራዋን ለቅቃ ባሕር ዳር ገባች አሉ።

ግሥ አጥንቻለሁ። መካከላቸው የሚዋጥባቸውን ጨርሻለሁ። አንድም አልሳትኩም። የሚያዳምጠኝ ሰው ግን የለም።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

መንገዱ ተከፍቷል። ከሳምንታት በኋላ ቡሬ ሄድኩ። መሪጌታ እንድቀመጥ አልነገሩኝም፤ ቆሜ አነበብኩ። ገጹን ሙሉ ያለ አንዲት ስሕተት ወጣሁት። ሰሙኝና እንዲህ አሉ፦

«በቡሬ ገበያ አንድ ወሬ ሰማሁ። የሚላላከኝ ልጅ ነው ይዞት የመጣው። ወንዙም ወንዝ ነው፤ ምንጩ ግን ከእኛ ተራራ አይደለም ይላል። ሰምተሽዋል?»

«ሰው ብዙ ይናገራል፣ የኔታ።»

«ሰው ይናገራል። እንዲህ አድርጎ አይሰካውም። የገበያ ሰው ቢሆን ጴንጤ ናት ብሎ ያልፍ ነበር። ይኸ ቅኔ ቤት ደጃፍ ያደገ ሰው አፍ ነው።» ዓይናቸው አያየኝም፤ ፊታቸው ግን ወደ እኔ ነበር። «እንደት አርገሽ ነው እንዲህ ያለውን ውብ ነገር ለእንዲህ ያለ ሥራ ያዋልሽው?»

ውሸት አይደለም አልኳቸው። የስልኩ ትምህርት የፈረንጅ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል በቦታው ነው አልኩ። ብዙ ተናገርኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ተላላኪው ልጅ ብቅ ብሎ አየ።

አስጨርሰውኝ፦ «ለኮሌጁ የእሷን ስም ልኬያለሁ።»

«ከእኔ ትበልጣለች?»

«አትበልጥሽም። ዛሬ እንዳነበብሽው እሷ አታነብም። ግን አንቺን ክፍል ውስጥ አስገብቸ ልጆች ላስረክብሽ? አላደርገውም።» ከዚያ ድምፃቸው ለዘብ አለ፤ ያ ነው የባሰኝ። «ትምህርቱን አልነፍግሽም። ቅዳሜ ነይ፣ እኔ እስካለሁ አስተምርሻለሁ። በአፍሽ ያወጣሽውን ግን በአፍሽ መልሽው።»

ወጣሁ። ጃንጥላዬን እዚያው ረሳሁት። ዳግመኛ ከዚያ ደጃፍ አልደርስም።

ነሐሴ 26

እኔ የደከምኩበት። የእኔ ቅዳሜዎች። ሻንጣዋን ይዛ ስትሄድ ቦታዬንም ጠቅልላ ሄደች።

ነሐሴ 29

ተስፋው በእርጋታ ጠየቀኝ፦ «አንቺ ነሽ?»

«ምኑን ነው እኔ?»

«ተይው» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማዳበሪያ እንኳ አያወራኝም። ማታ ራዲዮ ከፍቶ ይተኛል። ይጩኽብኝ ብዬ ተመኘሁ።

ጳጉሜን 3

እትዬ ደጊቱ ቤት ሄድኩ። ለመሪጌታ ብዬ አይደለም። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ግቢያቸው ውስጥ በልጅቱ ክፍል በር ላይ የወንድ ቦት ጫማ ተደርድሯል።

ቆሜ ተናገርኩ። «እትዬ፣ ያን ቀን ስለ ሄቨን ያልኩት ነገር ትክክል አልነበረም። ልጅቱ የእኛው ናት። ትምህርቱንም እኔ አብሬያት ተምሬዋለሁ።»

እትዬ ደጊቱ ገብስ እየለቀሙ ነበር፤ እጃቸውን አላቆሙም።

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ልጅቱ ምንም እንደሌለባት ነዋ! አብራኝ ትጾም፣ አብራኝ ታስቀድስ አልነበር? ያን ጊዜም አላመንኩሽም።»

«ታዲያ ለምን አስወጧት?»

«የእህቴ ልጅ ሥራ አግኝቶ ከደምበጫ መጣ፤ ክፍሉን ፈልጌው ነበር። እንደት ብየ ላስወጣት ስል አንቺ ነገር ይዘሽልኝ መጣሽ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ምነው እቴ፣ ፊትሽ ጠቆረ? ተቀመጭ እንጂ።»

አልተቀመጥኩም። ያላመነኝ ሰው ያልኩትን አደረገው። እፎይ ልበል ብዬ መንገድ ላይ ቆምኩ፤ እምቢ አለኝ። ጥፋቱ የእሳቸው ነው ብዬ እስከ ቤቴ ልሸከመው ሞከርኩ። ገበያው ጋ ስደርስ አልቻልኩም።

መስከረም 2፣ ዓርብ

ደወልኩላት። ተስፋው ነው ቁጥሯን የሰጠኝ፤ እኔ ከስልኬ አጥፍቼው ነበር። አሥር ጊዜ ያህል ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ።

«ሄሎ? ማን ልበል?»

ስሜን ነገርኳት።

«እንዴ! እንኳን አደረሰሽ!» አለች፤ ድምፅዋ ደስ ብሎት። «እኔም ልደውልልሽ እያልኩ ነበር። መሪጌታ ዓይናቸው እንዴት ነው? የሚያነብላቸው አለ?»

ቶሎ ካልተናገርኩ እንደማልናገረው ገባኝ። «ሄቨን፣ ማኅበሩ ላይ ስላንቺ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ምንጩ ከእኛ አይደለም ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያም ወሬው ሲዞር ዝም አልኩ። ሻንጣሽን ይዘሽ ስትመጪም የተስፋው ወንድም አልመጣም ነበር። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ታውቂያለሽ።»

ከጀርባዋ ልጆች ይጫወታሉ።

«አንቺ ነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ። አውቀሽ ዝም ያልሽልኝ ይመስለኝ ነበር።»

«አላውቅም ነበር» አለች ሄቨን። «እኔ እትዬ ደጊቱ መስለውኝ ነበር። አንቺንማ፣ እዛ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው አለኝ ብዬ ነበር የገባሁት።»

ይቅርታ የሚለውን ቃል አወጣሁት። ምን ያህል ትንሽ ቃል እንደሆነ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች። ድምፅዋ ተለውጧል፤ እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «እኔ እኮ ምን እንደሆንኩ አውቃለሁ። ያላወቁት እነሱ ናቸው። እናቴ ፍኖተ ሰላም ዘመድ አላት፤ ለቅሶ እንኳ መድረስ አፍራለች። ለእነሱ ንገሪያቸው። እዛው አዳራሽ ውስጥ፣ እኔን ባስቆሙኝ ቦታ ቆመሽ።»

ስልኩን ዘጋችው።

እንደዚያ ታናግረኛለች? እኔን? ብዬ ተነሣሁ፤ ግቢውን ዞርኩ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የምቆጣበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

ሰበካው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባል። ጠያቂው ሽማግሌ ይኖራሉ፤ የማኅበሩ ሴቶችም ከግድግዳው ሥር ይኖራሉ፤ እትዬ ደጊቱም። የመሪጌታን ስም ሳልጠራ የእኔን እንዴት እንደምናገር እያሰብኩ ነው። ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ሲሉ አይቻለሁ።

እሁድ ከነገ ወዲያ ነው። ነጠላዬን አጥቤ አስጥቻለሁ።